«ዳይቨርሲቲ ሄደ፣ ሜሪት መጣ» ለተባሉ እናት የተሰጠ ምላሽ

ጥያቄ፦ «የምኖረው ሜሪላንድ ነው። ልጄ በአካውንቲንግ ተመርቃ የፌዴራል መንግሥት ሥራ እያመለከተች ነው። ወንድሜ "ዳይቨርሲቲ የሚሉት ነገር ቀርቶ አሁን ሁሉም በሜሪት ሆኗል፤ የእኛ ልጆች ጎበዞች ስለሆኑ ይጠቅማቸዋል" ይላል። ልጄ ደግሞ "በሩ ተዘጋብን" ትላለች። እራት ላይ ሁሌ ይጨቃጨቃሉ። ማናቸው ናቸው ትክክል? ጓደኞቿም "ስምሽን አሳጥሪው፣ ሐበሻ መሆንሽ ባይታወቅ ይሻላል" እያሏት ነው። ምን ልምከራት?»

ምላሽ፦

ውድ እህቴ፣ የመጨረሻዋን ጥያቄ ላስቀድም። ልጅዎ ስሟን አታሳጥር። ምክንያቱን ወደ ታች እነግርዎታለሁ። የወንድምዎና የልጅዎ ክርክር ግን ረዘም ያለ መልስ ይፈልጋል። ሁለቱም የያዙት እውነት አለ። ችግሩ ሁለቱም ከአንድ የተሳሳተ ቦታ መነሳታቸው ነው። ሜሪት (በችሎታ ተወዳድሮ መቀጠር) ከመጣ ዳይቨርሲቲ (ከየወገኑ ሰው እንዲካተት ማድረግ) መሄድ አለበት፣ ዳይቨርሲቲ ካለ ሜሪት የለም ብለው ያስባሉ።

ሥራዬ የቅጥር ፈተናና ቃለ መጠይቅ ማዘጋጀት ነው። አንድ መሥሪያ ቤት ሰው ሲቀጥር «ይሄ ጥያቄ ለሥራው የሚያስፈልገውን ችሎታ በእርግጥ ይለካል ወይ?» ብዬ እፈትሻለሁ። በዚህ ሥራ ላይ የቆየ ሰው ስለ ሜሪት ሲወራ ቶሎ የሚመጡለት ሦስት ጥያቄዎች አሉ። ችሎታውን ማን ለካው? በምን ለካው? ክፍት ቦታ መኖሩንስ ማን ሰማ? እነዚህ ሳይመለሱ «በሜሪት ነው» ማለት ብዙም ትርጉም የለውም። (ዓመቶቹን ሁሉ የምጽፈው እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ነው።)

ከሕጉ እንጀምር፤ ብዙ ጭቅጭቅ የሚነሳው ሕጉን ካለማወቅ ነው። በ1964 የወጣው የሲቪል መብቶች ሕግ ክፍል ሰባት፣ እዚህ «ታይትል ሰቨን» የሚሉት፣ 15 እና ከዚያ በላይ ሠራተኛ ያለውን ቀጣሪ ሁሉ ይመለከታል። ሰውን በዘሩ፣ በቀለሙ፣ በሃይማኖቱ፣ በጾታው ወይም በትውልድ አገሩ አበላልጦ መቅጠርም ሆነ ማባረር ክልክል ነው። ነጩንም ጥቁሩንም ይጠብቃል። ፍርድ ቤቶች በጣም ጠባብ የሆነ ልዩ ሁኔታ የፈቀዱበት ጊዜ ነበር። በመደበኛው አሠራር ግን «ጥቁር ስለሆነች ቅጠሯት» የሚባል ነገር ሕጋዊ ሆኖ አያውቅም። ስለዚህ ልጅዎ ከ2025 በፊትም ብታመለክት በቀለሟ የሚሰጣት ነጥብ አልነበረም።

ታዲያ ምን ተነሳ? ፕሬዚዳንት ጆንሰን በ1965 ያወጡት 11246 የሚባል ትእዛዝ ነበር። ከፌዴራል መንግሥት ጋር ትልልቅ ውል ያላቸው ድርጅቶች ሠራተኞቻቸው እነማን እንደሆኑ እንዲያጠኑ፣ ክፍት ቦታዎችን በሰፊው እንዲያስተዋውቁ፣ የጎደለውን ለማሟላት ግብ እንዲያስቀምጡ ያስገድድ ነበር። ፕሬዚዳንት ትራምፕ ጃንዋሪ 21 ቀን 2025 ይህን ትእዛዝ ሻሩት። ከአንድ ቀን በፊት ደግሞ በፌዴራል መሥሪያ ቤቶች ያሉ የዲ.ኢ.አይ (የዳይቨርሲቲ፣ የፍትሐዊነትና የአካታችነት) ቢሮዎች እንዲዘጉ አዘው ነበር። ፕሬዚዳንት የቀድሞውን ፕሬዚዳንት ትእዛዝ መሻር ይችላል። ኮንግረስ ያወጣውን ሕግ ግን በፊርማ አይሽርም። የ1964ቱ ሕግ ዛሬም አለ። በጁን 2025 ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ኤምስ በተባለች የኦሃዮ ሠራተኛ ጉዳይ ላይ በሙሉ ድምፅ በሰጠው ውሳኔም የብዙኃኑ ወገን የሆነ ከሳሽ ከሌላው የበለጠ ማስረጃ እንዲያቀርብ አይጠየቅም ብሏል። ለሁሉም አንድ መለኪያ ማለት ነው። ይህን የጻፉት ዳኛ ኬታንጂ ብራውን ጃክሰን ናቸው።

እግረ መንገዴን አንድ ነገር ልበል። ልጅዎ «በሩ ተዘጋ» የምትለው ከዲ.ኢ.አይ ይልቅ ከሌላ ነገር ጋር ሳይያያዝ አይቀርም። ጃንዋሪ 20 ቀን 2025 የፌዴራል ቅጥር ታገደ። ቀጥሎም አራት ሰው ሲለቅ ከአንድ በላይ አይቀጠር ተባለ። ጥቁሩም ነጩም አዲስ ተመራቂ ወረፋ ላይ የቆመው በዚህ ምክንያት ነው። ያላገኘችውን ሥራ ሁሉ በማንነቷ ከተረጎመችው ልቧ ይሰበራል፤ ያሳዝነኛል።

አሁን ወደ ሜሪት ልመለስ። ይህን ታሪክ ወንድምዎ ቢያነቡት ደስ ይለኛል።

አሜሪካ ውስጥ የመንግሥት ሥራ ለረጅም ጊዜ የሚታደለው በምርጫ ላሸነፈው ፓርቲ ደጋፊዎች ነበር። እኛ በዘመድ አዝማድ እንደምንለው፣ እነሱ በፓርቲ። በ1881 ቻርልስ ጊቶ የሚባል ሰው «ለምርጫው ደክሜያለሁ፣ የፓሪስ ቆንስላነት ይሰጠኝ» እያለ ሲመላለስ ቆየ። ሲከለከል ጁላይ 2 ቀን ፕሬዚዳንት ጋርፊልድን በሽጉጥ መታቸው። በሴፕቴምበር ሞቱ። አገሩ ደነገጠ። በጃንዋሪ 1883 የፔንድልተን ሕግ ወጣ። የመንግሥት ሥራ በፈተና ይሁን ተባለ። መጀመሪያ የሸፈነው ከፌዴራል ሥራዎች አንድ አሥረኛ ያህሉን ብቻ ነበር፤ ቀስ በቀስ ሰፋ። ዛሬ ሜሪት የምንለው የመንግሥት ቅጥር ሥርዓት መሠረቱ ይህ ነው። ትልቅ ነገር ነው። አያቱ ባለሥልጣን ያልሆነ ልጅ በእርሳሱ ብቻ ዋሽንግተን እንዲገባ በር ከፍቷል።

የሕጉን ጽሑፍ ሲያነቡ ግን አንድ የሚያስገርም ነገር ያገኛሉ። ዋሽንግተን ያሉ የሥራ ቦታዎች በየክፍለ ግዛቱ የሕዝብ ብዛት ልክ ይከፋፈሉ ይላል። ፈተናን ያወጀው ያው ሕግ፣ በዚያው ገጽ ላይ ተዋጽኦን ጽፏል። ምክንያቱ ቀላል ነው። የኦሃዮም የጆርጂያም ገበሬ ዋሽንግተን ውስጥ የራሱን አገር ልጅ ካላየ መንግሥቱን የእኔ ነው አይልም። ይህ ድንጋጌ እስከ 1978 ቆይቷል። ሜሪትን የመሠረቱት ሰዎች ራሳቸው ሁለቱን እንደ ጠላት አላዩዋቸውም።

የተበላሸውም ሌላ ቦታ ነው። በፕሬዚዳንት ዊልሰን ዘመን በፌዴራል ቢሮዎች ጥቁርና ነጭ ሠራተኞችን መለየት ተስፋፋ። በ1914 የሲቪል ሰርቪስ ኮሚሽኑ አመልካቾች ከማመልከቻቸው ጋር ፎቶግራፍ እንዲያያይዙ አዘዘ። የተሰጠው ምክንያት ተፈታኞች እንዳይቀያየሩ የሚል ነበር። ቀጣሪው ደግሞ ከፍተኛ ውጤት ካመጡት ሦስት ሰዎች የፈለገውን የመምረጥ መብት ነበረው። ፈተናው ያው ነው፤ እርማቱም አልተጭበረበረም። አንደኛ የወጣው ሰው ግን ፎቶው ታይቶ ይታለፋል። ይህ አሠራር እስከ 1940 ቆየ። ወንድምዎ «በሜሪት ሆኗል» ሲሉ እኔ ወዲያው የምጠይቀው ይህንኑ ነው፦ ከፈተናው በኋላ ምን አለ?

አንዳንዴ ደግሞ ችግሩ ፈተናው ራሱ ነው። ኖርዝ ካሮላይና ውስጥ ዱክ ፓወር የሚባል የመብራት ኃይል ድርጅት ነበር። ጥቁር ሠራተኞች የሚቀጠሩት በጉልበት ሥራ ክፍል ብቻ ነበር። በዚያ ክፍል ከፍተኛው ደመወዝ በሌሎቹ ክፍሎች ካለው ዝቅተኛ ደመወዝ ያንስ ነበር። የ1964ቱ ሕግ በሥራ ላይ የሚውልበት ቀን ጁላይ 2 ቀን 1965 ነው። በዚያው ቀን ድርጅቱ ወደ ተሻሉት ክፍሎች ለመቀጠር ሁለት የጽሑፍ ፈተናዎችን ማለፍ ግዴታ ነው አለ። የሁለተኛ ደረጃ ዲፕሎማም ይጠየቅ ነበር። በወረቀት ላይ ሲታይ ለሁሉም እኩል ነው። ነገር ግን ዲፕሎማ ሳይኖራቸው ቀድመው የገቡ ነጭ ሠራተኞች እዚያው ሥራቸውን በደንብ ይሠሩ ነበር፤ ዕድገትም ያገኙ ነበር። ዲፕሎማውም ፈተናውም ለሥራው አስፈላጊ መሆናቸው አልተረጋገጠም። በተለየ ትምህርት ቤት ዝቅ ያለ ትምህርት የተሰጣቸውን ጥቁሮች ግን በደንብ አድርጎ ያስቀር ነበር።

አሥራ ሦስት ሠራተኞች ከሰሱ። በ1971 ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ 8 ለ 0 ፈረደላቸው። ፈተና ክልክል ነው አላለም። ፈተናው ሰውየውን ለሥራው ይለካው እንጂ እንዲሁ በጅምላ አይለካው ነው ያለው። ይህ ፍርድ ለእኔ ሙያ መሠረት ነው። ለሜሪትም ከተሰጡ ፍርዶች ሁሉ ትልቁ ነው ብዬ አምናለሁ። ምክንያቱም ቀጣሪው «ፈተናዬ የሚለካው ይህን ችሎታ ነው» ብሎ እንዲያስረዳ አስገድዷል። በኤፕሪል 2025 የወጣ ፕሬዚዳንታዊ ትእዛዝ የፌዴራል መሥሪያ ቤቶች ለእንዲህ ዓይነቱ ክትትል ቅድሚያ እንዳይሰጡ ያዛል። ኮንግረስ በ1991 በሕግ ያጸናው መርህ ግን አልተሰረዘም። በግሌ ሜሪትን እወዳለሁ የሚል መንግሥት ፈተናን የሚፈትሸውን መሣሪያ ወደ ጎን መተዉ አልገባኝም።

ለእኛ ለስደተኞች ደግሞ ቅርብ የሆነ ጉዳይ አለ። ማኑዌል ፍራጋንቴ የሚባሉ ከፊሊፒንስ የመጡ ሰው በሆኖሉሉ የመንጃ ፈቃድና የመኪና ምዝገባ ቢሮ ለጸሐፊነት ተፈተኑ። ከ721 ተፈታኞች አንደኛ ወጡ። ቃለ መጠይቅ ላይ «አክሰንቱ ከባድ ነው፤ ስልክና መስኮት ላይ ደንበኛ አይገባውም» ተብሎ ተቀነሱ። ከሰሱ፣ ተሸነፉ። በ1989 የይግባኝ ፍርድ ቤቱ ከሕዝብ ጋር መነጋገር የሥራው አካል ነው ብሎ ለከተማው ፈረደ። ቃለ መጠይቁ ግልጽ መመዘኛና መመሪያ እንዳልነበረው፣ የነጥብ መስጫ ወረቀቱም ደካማ እንደነበር በክርክሩ ታይቷል። እኔ ይህን ጉዳይ ባነበብኩ ቁጥር እቆጫለሁ። ሥራው ንግግር ከፈለገ ንግግሩን መፈተን ይቻላል። እውነተኛ ደንበኞች በስልክ ያናግሯቸውና ተረድተው እንደሆነ ይመዝገብ። ሁለት ጠያቂዎች በአጭር ጨዋታ «አልገባኝም» ማለታቸው የ721 ሰው ፈተናን ጣለው። ሜሪት የተሸነፈው እዚያ ነው፤ ያሸነፈውም ዳይቨርሲቲ አይደለም።

እዚህ ላይ ወንድምዎን የማዳምጥበት ቦታ ነው። ስጋታቸው መሠረት አለው። እኛ ብዙዎቻችን «ተዋጽኦ» የሚለውን ቃል የሰማነው አገር ቤት ነው። ሹመት በብሔርና በፓርቲ ሲደለደል አይተናል። ጎበዙ ሰው «የአንተ ኮታ ሞልቷል» ሲባል ያዘነ ሰው እዚህ መጥቶ ዳይቨርሲቲ ሲባል ቢደነግጥ አይፈረድበትም። የሚገርመው የአገር ቤቱም ሕግ እንደዚያ አይልም ነበር። በ1999 ዓ.ም.ም በ2010 ዓ.ም.ም (ይህ በእኛ አቆጣጠር ነው) የወጡት የመንግሥት ሠራተኞች አዋጆች ሥራው በውድድር ይያዝ ካሉ በኋላ፣ ለሴቶች፣ ለአካል ጉዳተኞችና በመሥሪያ ቤቱ ቁጥራቸው ላነሰ ብሔረሰቦች ተወላጆች ቅድሚያ ይሰጡ የነበረው ውጤታቸው እኩል ወይም ተቀራራቢ ሲሆን ነው። ሕጉ ላይ ያለውና ቢሮ ውስጥ የሚደረገው ሲለያይ ሰው ሕጉንም ይጠላል።

አሜሪካም ውስጥ ዳይቨርሲቲ ተብሎ የተሠራ ስህተት አለ። ኮኔቲከት ውስጥ የኒው ሄቨን ከተማ በ2003 ለእሳት አደጋ ሠራተኞች የዕድገት ፈተና ሰጠች። 118 ሰው ተፈተነ። ወዲያው ለዕድገት ከሚበቁት ውስጥ ጥቁር አልነበረም። ከተማዋ እንከሰሳለን ብላ ፈራችና ውጤቱን ጣለችው። ከተፈታኞቹ አንዱ ፍራንክ ሪቺ የማንበብ ችግር ነበረበት፤ ወራት አጥንቶ ነበር ያለፈው። እሱና ጓደኞቹ ከሰሱ። በ2009 ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ 5 ለ 4 ፈረደላቸው። እኔም እዚህ ላይ ከሪቺ ጋር ነኝ። ሰው ተምሮ፣ ተፈትኖ፣ አልፎ ሲያበቃ የሰዎቹን ቀለም አይቶ ውጤት መሰረዝ ግፍ ነው።

ይሁን እንጂ ያ ፈተና እንዴት ነበር የተዘጋጀው? 60 በመቶ የጽሑፍ፣ 40 በመቶ የቃል ነበር። ይህ ክፍፍል የመጣው ከተማዋ ከሠራተኞቹ ማኅበር ጋር ካደረገችው የቆየ ስምምነት ነው። ጥሩ የእሳት አደጋ አዛዥ በጽሑፍ 60 በመቶ ይለካል ብሎ ያጠና ሰው አልነበረም። አዛዥ በጭስ ውስጥ ሰው ማዘዝ አለበት። ሌሎች ከተሞች የእሳት አደጋ ሁኔታ እየፈጠሩ እጩው ምን እንደሚያዝ ያዩ ነበር። ከተማዋ መሥራት የነበረባት ያንን ነው፤ ከፈተናው በፊት። ከውጤት በኋላ መነካካት ሁሉንም ያስቀይማል።

ስልጠናዎቹም አሉ። በብዙ መሥሪያ ቤቶች ዳይቨርሲቲ ማለት በዓመት አንድ ቀን ሠራተኛውን አዳራሽ ሰብስቦ ስላይድ ማሳየት ሆኖ ቀርቶ ነበር። ሶሲዮሎጂስቶቹ አሌክሳንድራ ካሌቭ፣ ፍራንክ ዶቢንና ኤሪን ኬሊ የ708 የግል ድርጅቶችን የሠላሳ ዓመት ገደማ መረጃ አጥንተው በ2006 አሳተሙ። ሴቶችንና ጥቁሮችን ወደ ሥራ አመራር በማምጣት በኩል ስልጠናው ከሁሉም ደካማው ነበር። የተሻለ የሠራው ውጤቱን የሚከታተል ኃላፊ መሰየም ነው። ወንድምዎ ስላይዱ ቀረ ብለው ከተደሰቱ አልከራከራቸውም። የሚያሳስበኝ ከስላይዱ ጋር አብሮ የተጣለው ነገር ነው። ክፍት ቦታን በሰፊው ማስታወቅ፣ ቃለ መጠይቅን በአንድ ዓይነት ጥያቄና በጽሑፍ ነጥብ ማድረግ፣ ማን እየተጣራ እንደሚወድቅ በቁጥር ማየት። እነዚህ ሜሪትን የሚጠብቁ ሥራዎች ናቸው። በብዙ ቦታ የሚሠሩት ግን በዲ.ኢ.አይ ስም ስለነበረ አብረው ተጠራረጉ።

አንድ ጊዜ አንድ መሥሪያ ቤት ለቃለ መጠይቁ መመዘኛ እንዳዘጋጅ ጠርቶኝ የቀድሞ ጠያቂዎችን ማስታወሻ አሳዩኝ። «ከእኛ ጋር ይስማማል»፣ «ሞቅ ያለ ሰው ነው»፣ «ዓይን አያይም» የሚል ተጽፏል። ዓይን አያይም የተባለውን ሳነብ ሐበሻ ትዝ አለኝ። እኛ ታላቅ ሰው ፊት ዓይናችንን ዝቅ አድርገን ነው ያደግነው። ሒሳብ ለሚሠራ ሰው ዓይን ማየትና አለማየት ምን ያደርግለታል? ጥያቄዎቹን ከሥራው ጋር አገናኝተን ለእያንዳንዱ መልስ ነጥብ ስናወጣ ጠያቂዎቹ ራሳቸው ተገረሙ። በቀድሞው መንገድ የሚጥሏቸውን ሰዎች ከላይ አገኟቸው። ዘር የሚባል ነገር አላነሳንም።

ሜሪት ሲባል ደግሞ ማንም ዓይኑን የማያሳርፍባቸው ጭማሪዎች እንዳሉ ወንድምዎ ቢያስተውሉ መልካም ነው። ከ1944 ጀምሮ ለቀድሞ የጦር ሠራዊት አባላት በፌዴራል ፈተና ላይ 5 ወይም 10 ነጥብ ሲጨመር ኖሯል። አልቃወምም፤ አገራቸውን አገልግለዋል። ማንም ግን «ሜሪትን ገደለ» አይልም። ዩኒቨርሲቲዎች ጋ ደግሞ አባቱ ወይም እናቱ እዚያ የተማሩ ልጅ ቅድሚያ ያገኛል። በሃርቫርድ ዩኒቨርሲቲ የተማሪ አቀባበል ላይ በቀረበው ክስ በወጣው መረጃ መሠረት፣ ከ2014 እስከ 2019 ባሉት ባቾች ከገቡት ነጭ ተማሪዎች 43 በመቶ በላይ የሚሆኑት ስፖርተኞች፣ የቀድሞ ተማሪ ልጆች፣ የመምህራን ልጆች ወይም በዲኑ ልዩ ዝርዝር የገቡ ናቸው። የልጅዎ ታናናሾች ካሉ ይህ ይጠቅማቸዋል፦ ሜሪላንድ በ2024 ይህን የወላጅ ቅድሚያ ከልክላለች። ቨርጂኒያም በዚያው ዓመት በመንግሥት ዩኒቨርሲቲዎቿ አግዳለች። ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በጁን 2023 ዩኒቨርሲቲዎች ዘርን በመግቢያ ውሳኔ ውስጥ እንዳይቆጥሩ ከከለከለ በኋላም ልጆች በጽሑፋቸው ስለ ሕይወታቸው፣ ስለ ቤተሰባቸው ስደት፣ ማንነታቸው እንዴት እንደቀረጻቸው መጻፍ ይችላሉ። ዋና ዳኛው ጆን ሮበርትስ በውሳኔው ውስጥ ራሳቸው አስፍረውታል።

ለወንድምዎ አንድ ነገር ልጨምር፤ በፍቅር ነው የምናገረው። «ዳይቨርሲቲ ለእኛ አይደለም፣ እኛ በራሳችን ነው የመጣን» የሚል ወሬ በየካፌው እሰማለሁ። በ1924 በወጣው የአሜሪካ የኢሚግሬሽን ሕግ የኢትዮጵያ ድርሻ በዓመት 100 ሰው ነበር። መቶ! ያ ኮታ የፈረሰው በ1965 ነው፤ የጥቁር አሜሪካውያን የመብት ትግል ጫፍ በደረሰበት ሰዓት። ዲቪም የመጣው በ1990ው ሕግ ነው። በዓመት 55,000 ቪዛ፣ በዕጣ። የመጀመሪያ ዓላማው ከየአገሩ የሚመጣው ሰው ስብጥር እንዲሰፋ ነው። ስንቶቻችን ነን በዚያ ዕጣ የመጣነው? በ1999 በአሜሪካ ወደ 28 ተመራጭ ኮሌጆች የገቡ ተማሪዎችን የተከታተለ ጥናት ደግሞ ከጥቁር ተማሪዎቹ 27 በመቶው ስደተኞች ወይም የስደተኛ ልጆች መሆናቸውን አሳይቷል። አይቪ ሊግ በሚባሉት ዝነኛ ዩኒቨርሲቲዎች 41 በመቶ ነበሩ። በዚያ ዕድሜ ካሉት ጥቁር አሜሪካውያን ውስጥ የስደተኛ ልጆች 13 በመቶ ገደማ ብቻ ነበሩ። የእኛ ልጆች ጎበዞች ናቸው፤ እውነት ነው። ግን የገቡበትን በር ሌሎች ሰዎች ተገርፈውና ታስረው ነው የከፈቱት። ይህን አምኖ መቀበል ጉብዝናቸውን አይቀንሰውም።

አሁን ወደ ልጅዎ።

ስሟን ያነሳሁት ለዚህ ነው። ስም እንደሚያስጥል በጥናት ታይቷል። በ2004 በታተመ ጥናት ቦስተንና ቺካጎ ላይ 5,000 ገደማ ሬዙሜ ተላከ። የነጭ የሚመስል ስም ያላቸው 10 ልከው አንድ ጥሪ ሲያገኙ፣ የጥቁር አሜሪካዊ የሚመስል ስም ያላቸው 15 መላክ ነበረባቸው። ከዚያ በኋላ 83,000 ገደማ ማመልከቻ ወደ 108 ትልልቅ ኩባንያዎች የላከ ጥናት ልዩነቱ ወደ ሁለት ፐርሰንት ነጥብ እንደሆነ አገኘ። ደግሞም ግማሽ ያህሉ ልዩነት የመጣው ከኩባንያዎቹ አንድ አምስተኛ ብቻ ነው። ቅጥራቸውን በአንድ ማዕከል በተደራጀ መንገድ የሚሠሩት ልዩነታቸው ያንስ ነበር። ፌዴራል መንግሥት ጋ ቅጥሩ የሚጀምረው በተወሰነ መጠይቅና በሬዙሜ ማጣሪያ ነው። የጀርባ ታሪክ ምርመራም አለ። ስሟ ከመታወቂያዋና ከዲግሪዋ ጋር አንድ ካልሆነ የምታተርፈው መዘግየት ነው። በግል ኩባንያ ስሙን አሳጥሮ የሚጽፍ ሰው ቢኖር አልወቅሰውም። እሷ ግን ለምታመለክትበት ቦታ አይረባትም።

ሬዙሜዋ ሁለት ገጽ ይሁን። አሁን ፌዴራል መንግሥት ከዚያ በላይ አይቀበልም። የሥራ ማስታወቂያው ላይ የተጻፉትን ችሎታዎች በራሷ ሥራ ታሳያቸው፤ ምን ሒሳብ ዘጋች፣ በምን ሶፍትዌር፣ ምን ስህተት አገኘች። የሐበሻ ልጅ ራሱን ማወደስ ያፍራል። ያን እፍረት ማመልከቻ ላይ ታቁመው።

በሜይ 2025 የወጣው የፌዴራል «የሜሪት ቅጥር ዕቅድ» አጫጭር የጽሑፍ ጥያቄዎችን አምጥቷል። ስለ ሥራ ትጋትና ስለ መንግሥት ቅልጥፍና የሚጠይቁት ደህና ናቸው። አንዱ ግን አመልካቹ የፕሬዚዳንቱን ትእዛዞች ለማስፈጸም እንዴት እንደሚረዳ እንዲጽፍ ይጠይቃል። በሙያዬ ይህ ጥያቄ የሒሳብ ባለሙያን ችሎታ አይለካም። የፔንድልተን ሕግ የወጣው የመንግሥት ሠራተኛ ስለ ፓርቲ እንዳይጠየቅ ነው። የፌዴራል ሠራተኞች አስተዳደር መሥሪያ ቤቱ በኋላ ያልመለሰ አይወድቅም ብሏል። ከገጠማት ስለ ሥራው ራሱ፣ ስለ ሕዝብ ገንዘብ ጥንቃቄ ጽፋ ትለፈው፣ ወይም ባዶ ትተወው።

የዘር ቅጽ ከመጣላት መሙላት ግዴታዋ አይደለም፤ ለመቅጠርም ላለመቅጠርም ሊጠቀሙበት አይችሉም። ፌዴራል ቅጥር ስለቀዘቀዘ ለክልሉ መንግሥትና ለካውንቲዎቹም ታመልክት። ሞንትጎመሪም ፕሪንስ ጆርጅም ሒሳብ ሠራተኛ ይፈልጋሉ። አንቺ ሐበሻ ነሽና እዚያ ያለውን ሐበሻ ጠይቂ በሏት። ብዙ ክፍት ቦታ የሚሰማው በሰው ነው፤ እኛ ደግሞ ለዘመድ ቡና እንጂ የሥራ ወሬ ማካፈል ላይ ደካሞች ነን።

ቃለ መጠይቅ ስትገባ የሚጠይቋትን ጥያቄዎች እንደወጣች ትጻፋቸው። ቀኑን፣ የጠያቂዎቹን ኃላፊነት፣ ስለ አክሰንቷ ወይም «ከየት ነሽ?» የሚል ነገር ተነስቶ ከሆነ ቃል በቃል ትያዘው። አክሰንት ምክንያት ሊሆን የሚችለው ሥራውን በእርግጥ የሚያደናቅፍ ከሆነ ብቻ ነው። አብዛኛውን ጊዜ ማስታወሻው አያስፈልጋትም። ካስፈለጋት ግን ያለዚያ ምንም የላትም። በግል ድርጅት፣ በክልል ወይም በካውንቲ ላይ ለሥራ እኩልነት ኮሚሽኑ (EEOC) አቤቱታ የሚቀርበው ሜሪላንድ ውስጥ በ300 ቀን ነው። በፌዴራል መሥሪያ ቤት ላይ ከሆነ በ45 ቀን ውስጥ የዚያን መሥሪያ ቤት የእኩልነት አማካሪ ማነጋገር አለባት። ብዙ የእኛ ሰው የሚሸነፈው ይህን አጭር ቀን ሳያውቅ ስለሚያሳልፈው ነው። ፌዴራል መሥሪያ ቤት እንዳልተቀበላት የነገራትን ቀን ካላንደር ላይ ጽፋ ከዚያ ትቁጠር።